እኔ የቅርጫ ሥጋ ነኝ ወይ?

እስቲ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጆሮ ስጡኝ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ አንዲት እናት ይኖራሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ «እማማ» ነው የሚላቸው፣ እኛም እማማ እንበላቸው። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣ፤ ተመረመሩ፤ ካንሰር ሆነ። አንድ ቀን ሐኪሙ ዳጎስ ያለ ወረቀት ይዞ ገባ። አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፣ ቢፈልጉ መግባት ይችላሉ አላቸው። ከገቡ ግን አዲሱን ይውሰዱ ወይስ ነባሩን የሚወስነው እሱ አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው።

ልጃቸው ታስተረጉማለች።

«ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል?»

«ዕጣ ያወጣል፣ እማዬ።»

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ «እኔ የቅርጫ ሥጋ ነኝ ወይ?» አሉ።

ልጅቷ ይህን በእንግሊዝኛ ምን እንደምትለው ጠፋባትና ዝም አለች። ሐኪሙም ዝምታውን እንደ እምቢታ ቆጥሮ፣ ጊዜ ወስደው ያስቡበት ብሎ ወጣ።

እሑድ ቡና ላይ ይህን ሲያጫውቱን ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን እማማ ሳያውቁት የነገሩን እምብርት ነክተዋል። ቅርጫ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሬው ይታረዳል፣ ይገፈፋል፣ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይደረደራል። ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም ለሁሉም ይዳረሳል። መዳቢው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን ዓይኑ ወደ አማቹ መደብ ሊያዘነብል ይችላል፤ አንዳንዴ ራሱም ሳያውቀው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ምልክት ይሰጣል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። ምልክቱ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ የሚያጉረመርም የለም።

እንግዲህ ባርኔጣውን ትተው በዓይናቸው የመደቡ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ላውጋችሁ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።

ነገሩ የሚጀምረው ከካንሰር ሳይሆን ከሳንባ ነቀርሳ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ እንግሊዝ ኪሷ ባዶ ነበር። ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተገኝቷል፤ እንግሊዝ ግን ለሕመምተኛዋ ሁሉ የሚበቃ መግዣ ዶላር የላትም። ለማን ይሰጥ? ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር፤ እሱ ራሱ በወጣትነቱ በዚያው በሽታ አልጋ ላይ ከርሞ የተነሣ ሰው ነው። ለሁሉም ካልበቃ በዕጣ ይሁን ተባለ። 107 ሕመምተኞች ገቡ። የእያንዳንዳቸው ዕጣ በታሸገ ፖስታ ተቀመጠ፤ ፖስታው የሚከፈተው ሐኪሙ ሕመምተኛውን ተቀብሎ ካበቃ በኋላ ነው። 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፤ ለ52ቱ የደረሳቸው የአልጋ ዕረፍት ብቻ ነው፤ ያኔ የነበረው ሕክምና እሱ ነበርና። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካላገኙት 14 ሞቱ፤ ካገኙት 4። ጽሑፉ በ1948 ታተመ።

ይህ ዘዴ ባሕር ተሻግሮ ቤተስዳ ገባ። ቤተስዳ ለእማማ ቤት ጎረቤት ከተማ ናት፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያለው እዚያ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤሚል ፍራይ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 65 የደም ካንሰር ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ዓይነት የመድኃኒት አሰጣጥ አወዳደረ። በካንሰር ሕክምና ከመጀመሪያዎቹ የዕጣ ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው፤ በ1958 ታትሟል። ፍራይ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ የካንሰር መድኃኒት ከላቦራቶሪና ከአይጥ ከወጣ በኋላ የሚያልፍባቸው ሦስት በሮች አሉ፤ ሰዎቹ ምዕራፍ ይሏቸዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጠየቀው መጠኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ለሦስት ሰዎች ትንሽ ይሰጣል፤ ካልጎዳቸው ለሚቀጥሉት ሦስት ከፍ ይላል፤ ሰውነት አልችልም እስኪል ድረስ እንዲሁ ደረጃ በደረጃ። ሁለተኛው ምዕራፍ ዕብጠቱ ይቀንሳል ወይ ይላል። በሦስተኛው ነው ባርኔጣው የሚመጣው፤ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው እኩሌታው አዲሱን፣ እኩሌታው እስከዚያ ቀን ከሁሉ ይሻላል የተባለውን ያገኛል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በር አታምታቱብኝ። ዕብጠት ቀለጠ ማለትና ሰው ዕድሜ አገኘ ማለት ለየቅል ናቸው። የዛሬው ጨዋታ የሚያጠነጥነው በዚህች ላይ ነው።

አሁን ወደ ፍራይ። 1980ዎቹ ደርሰዋል፤ ፍራይ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ስሙ ገንኖ ቦስተን ነው። ኬሞ የሚባለው መድኃኒት ካንሰርን ይገድላል፤ ችግሩ የአጥንት መቅኔንም አብሮ ይገድላል። መቅኔ ከሞተ ደም የሚሠራ የለም። እንግዲህ ሐኪሙ ኬሞውን የሚያቆመው ካንሰሩ ስላለቀ አይደለም፤ መቅኔው ስለማይችል ነው። ፍራይና ዊልያም ፒተርስን የመሳሰሉ ወጣት ባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ አመጡ። መቅኔውን አስቀድመን ከሴትዮዋ አጥንት ቀድተን ብናቀዘቅዘውስ? ኬሞውን ከልማዱ ብዙ እጥፍ አድርገን ብናወርድባትና ከዚያ የገዛ መቅኔዋን ብንመልስላትስ?

ሐሳቡ ያማረ ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ እኔም የምወድደው ይመስለኛል። ጡታቸው ውስጥ የጀመረው ካንሰር ወደ አጥንትና ወደ ጉበት የተዛመተባቸው፣ ወይም የብብታቸው ንፍፊት በብዛት የተያዘባቸው ሴቶች ወደ ሕክምናው ገቡ። ለሳምንታት ሰው በማይገባበት ክፍል ተዘጋባቸው። አፋቸው ቆሰለ፣ ትኩሳት ጣላቸው፣ ምራቅ መዋጥ አቃታቸው። በካንሰሩ ሳይሆን በሕክምናው የሞቱም ነበሩ። የወጡት ሲመረመሩ ግን የብዙዎቹ ዕብጠት ቀልጦ ተገኘ፤ ከድሮዎቹ ሕመምተኞች መዝገብ ጋር ሲነጻጸሩም ረዘም ያለ ዕድሜ ያላቸው መሰሉ።

መሰሉ ነው ያልኩት። ለዚህ ሕክምና የሚመረጡት እነማን ነበሩ? ዕድሜያቸው ገና የሆነ፣ ልባቸውና ሳንባቸው ደህና የሆነ፣ ቀደም ሲል የተሰጣቸው ኬሞ የሠራላቸው። በዚያ ላይ ከመግባታቸው በፊት ሰውነታቸው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይመረመራል፤ የተደበቀ ካንሰር የተገኘባት ትመለሳለች። የድሮው መዝገብ ውስጥ ያሉት ደግሞ ጠንካራውም ደካማውም የተደባለቀበት ሕዝብ ናቸው። ጥሩ ጥሩውን ሥጋ አንድ መደብ ላይ ከምረህ፣ ከዚያ የኔ መደብ ይጥማል እንደ ማለት ነው። በ1997 ሂዩስተን ያሉ ሐኪሞች መዝገባቸውን ገልብጠው አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ተራውን ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ሴቶች መካከል «ለመቅኔው ሕክምና ብትቀርብ ኖሮ ታልፍ ነበር» የሚባሉትን ለይተው አዩ። እነዚያ ሴቶች መቅኔያቸው ሳይነካ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። ልዩነቱን ያመጣው ምርጫው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ግን በዚያን ጊዜ ይህን ለመስማት የቸኮለ አልነበረም። ሕክምናው ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይደርስ ነበር። ኢንሹራንሶች ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው፣ አንከፍልም አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የልጆች እናት እንዲህ ተከለከለች፤ ቤተሰቧና ወዳጆቿ ገንዘብ አሰባስበው አሳከሟት፤ ሞተች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1993 የዳኝነት ሸንጎ ኢንሹራንሱ ለቤተሰቧ 89 ሚሊዮን ዶላር ይክፈል ብሎ ፈረደ። በኋላ በድርድር ቢቀንስም፣ የቁጥሩ ድምፅ አገሩን አናወጠው። ኢንሹራንሶች ደነገጡ፤ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ሕክምናው እንዲከፈል በሕግ አስገደዱ። ሴቶቹም በአደባባይ ሰልፍ ወጡ። ልትፈርዱባቸው ከሆነ በእኔ ፊት አትፍረዱ። ልጆቿን ትታ ልትሄድ የተቃረበች እናት ያለውን ሁሉ አምጡ ብትል ምን ይደንቃል? ሐኪሞቹ ይሻላል ብለዋታል። ጋዜጣው ይሻላል ብሏታል።

ዕጣው ግን ሰው አጣ። ዶክተሩ ይሻላል እያለ፣ ኢንሹራንሱ እየከፈለ፣ ማን ባርኔጣ ውስጥ ምልክቷን ትጥላለች? በእነዚያ ዓመታት ውስጥ መቅኔያቸው የተቀዳላቸው የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ከ20 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከእነዚህ በዕጣ የገቡት እጅግ ጥቂቱ። ፊላደልፊያ ላይ የተመራው ሙከራ በ1990 ተከፍቶ ሴቶቹን አሰባስቦ እስኪጨርስ ሰባት ዓመት ፈጀበት። 553 ሴቶች ተመዝግበው ሁሉም በተራው ኬሞ ጀመሩ፤ ኬሞው ከሠራላቸው መካከል 199ኙ ዕጣ ወጣላቸው። አስቡት እስቲ፣ ሰባት ዓመት! ጎዳናው ማዶ ያለው ሆስፒታል ያለ ዕጣ በወር የሚያስተናግደውን እያዩ።

እንዲህ እንዲህ ሲል 1999 ግንቦት ደረሰ። አትላንታ ላይ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ተጠራ፤ የዕጣዎቹ ውጤት የሚነገርበት ቀን ነው። አምስት ሙከራዎች ቀረቡ። አራቱ፣ ከእነሱም መካከል የፊላደልፊያውና የፒተርስ የራሱ ሙከራ፣ የመቅኔው ሕክምና ዕድሜ ሲያስረዝም አላየንም አሉ። አምስተኛው ግን አየሁ አለ። ያ ሰው ከጆሃንስበርግ የመጣው ቨርነር ቤዝዎዳ ነበር፤ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር። 154 ሴቶችን በዕጣ ከፍዬ አወዳደርሁ፤ መቅኔያቸውን ቀድተን ብዙ ኬሞ የሰጠናቸው በግልጽ በልጠዋል አለ። አራት ለአንድ ነው፤ ቢሆንም ተስፋ የፈለገ ሰው አንዱን ይይዛል። ምናልባት የእሱ አሰጣጥ ይለይ ይሆናል፣ እንድገመው ተባለ።

ለመድገም ግን መጀመሪያ መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል። በጥር 2000 ሬይመንድ ዋይስ የሚባል ሐኪም የመራው ቡድን ከአሜሪካ ጆሃንስበርግ ወረደ። የሕመምተኞቹን መዝገብ አምጡ አሉ። የመጣው የከፊሎቹ ብቻ ነው፤ እሱም ሁሉ መቅኔ የተቀዳላቸው ሴቶች መዝገብ። ለማነጻጸሪያ የተመደቡት ሴቶችስ? የአንዲቷም አልቀረበም። በመጡት መዝገቦች ላይ ዕጣ ስለመጣሉ የሚያሳይ ነገር እምብዛም የለም። ብዙዎቹ ሴቶች በሙከራው መሥፈርት መግባት የማይገባቸው ናቸው። የፈቃድ ወረቀት ፈለጉ፤ የተፈረመ አላገኙም። የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጠየቁ፤ ይህን ሕክምና የፈቀደበት ሰነድ የለውም። ቤዝዎዳ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ለማነጻጸሪያዎቹ የሰጠሁት ኬሞ አትላንታ ላይ ከተናገርሁት የተለየ ነበር ብሎ አመነ። በመጋቢት ከሥራው ተሰናበተ።

እኔን ከውሸቱ በላይ የሚያስደነግጠኝ የፈቃድ ወረቀቱ ነገር ነው። እማማን ያሰለቻቸው ያ ዳጎስ ያለ ወረቀት እዚያ የለም። እነዚያ ሴቶች ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ ማን ነገራቸው? ወረቀቱ የሚሰለቸው ለካ ሲኖር ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ የፊላደልፊያው ውጤት በዝርዝር ታተመ። ሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩት መቅኔያቸው ከተቀዳው ከመቶ 32፣ ተራውን ኬሞ ከወሰዱት ከመቶ 38። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። መከራው ግን ይበልጣል። ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተጠራቀሙትን፣ ካንሰራቸው ገና ሩቅ ያልሄደባቸውን ሴቶች የያዙ 15 የዕጣ ሙከራዎች፣ በአጠቃላይ 6,210 ሴቶች፣ በ2011 ሰብስበው ሲደምሩት ካንሰሩ የሚመለስበትን ጊዜ ቢያዘገይም ዕድሜ አላስረዘመም። የመቅኔ ክፍሎቹ ግን ከዚያ ቀደም ብለው በራቸውን ለጡት ካንሰር ዘግተው ነበር።

ሕክምናው ራሱ ከንቱ ነው ብላችሁ እንዳትነሡ ደግሞ። ፈረንሳዮች ያንኑ ዘዴ በመቅኔ ካንሰር፣ ማልቲፕል ማየሎማ በሚሉት ላይ፣ 200 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ሞከሩት። በ1996 ባሳተሙት መሠረት አምስት ዓመት ይኖራሉ ተብሎ የተሰላው ከባዱን ካገኙት ከመቶ 52፣ ተራውን ካገኙት ከመቶ 12 ነበር። ዛሬም ለዚያ በሽታ ይሰጣል። ያው መቅኔ፣ ያው ማቀዝቀዣ። 200 ሰው በቂ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእማማ አወጋኋቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ቡና ተፈልቶ። እስከ ጆሃንስበርግ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁ።

«ዕጣዬ ባዶ ቢወጣስ?»

«ባዶ የለም፣ እማማ። ቅርጫ ላይ ባዶ መደብ አይተው ያውቃሉ? አዲሱ ካልደረስዎት ነባሩ ይደርስዎታል፤ ባይገቡም የሚያገኙት እሱኑ ነው።»

«ጀምሬ ቢያንገሸግሸኝስ?»

«ይወጣሉ። መሐል ላይም ቢሆን፤ ለምን የሚልዎት የለም። ሕክምናዎም አይቋረጥም።»

«አዲሱ ሰው እየጨረሰ ቢሆንስ? ኮምፒውተር ምን ይገደዋል?»

ይህቺን ጥያቄ ወደድኳት። ከሐኪሞቹ የተለየ ኮሚቴ እንዳለ፣ ውጤቱን በየመሐሉ ገልጦ እንደሚያይ፣ አንዱ ወገን ክፉኛ ከተጎዳ ወይም አንዱ በግልጽ ከበለጠ ሙከራውን ማስቆም እንደሚችል ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አመኑኝ አላልኩም።

በሳምንቱ ቀጠሯቸው ላይ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ገባ። እማማ ልጃቸውን፣ «አንዲት ነገር ብቻ ጠይቂልኝ» አሏት። «እሱ ራሱ የትኛው እንደሚሻል ያውቃል?»

ልጅቷ ጠየቀችው። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። አላውቅም አለ። ባውቅ ኖሮ ያንኑ እሰጥዎት ነበር፣ ዕጣም አያስፈልግም ነበር አለ።

እማማ ሲተረጎምላቸው ቆይተው፣ ወረቀቱን ተቀብለው፣ አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የንስሐ አባቴን ሳላማክርማ አልፈርምም በይው» አሉ።

ልጅቷ ይህችኛዋን ተረጎመች። ሐኪሙም በትሕትና፣ ካህኑ ስንት ቀን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቀ።